ራስ ከጠና በኋላ ጉተና

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ሳለ አንድ የማከብረው ሐኪም «ራስ ሳይጠና ጉተና» አለኝ። ጨዋታው የተነሣው ከአንጎል ቀዶ ጥገና በኋላ በሰው ፊትና ራስ ላይ ስለሚቀረው ነገር ነበር፦ ስለ ጠባሳው፣ ስለ ጎደጎደው ጆሮ ግንድ፣ አልነሣ ስላለው ቅንድብ። በሌላው ዓለም ቀዶ ሐኪሞች ይህንን ታካሚዎቻቸውን እየጠየቁ እንደሚያጠኑ፣ አንዱን የአከፋፈት መንገድ ከሌላው ጋር በታካሚው እርካታና በመልኩ እንደሚያወዳድሩ ስነግረው ነው ተረቱን የመዘዘው። ሰውየው ሊሞት ነበር፤ አልሞተም። ከዚህ ወዲያ ስለ ቅንድብ ማውራት ቅንጦት ነው ባይ ነው።

ተረቱ እውነት አለው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ለመጣ ሰው ስለ ፀጉሩ የሚጨነቅ ሐኪም እኔም አልፈልግም። የምሟገተው ራሱ ስለ ጠናለት ሰው ነው። እርሱ ወደ ወረባቦ ወይም ወደ ደላንታ ተመልሶ፣ ገበያ ወጥቶ፣ ሠርግ ተጠርቶ፣ ሥራ ፍለጋ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ተሰልፎ የሚኖረው በዚያ ራስና በዚያ ፊት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ራስ ላይ ያለ ጠባሳ ዝም አይልም። ወይ የዱላ ጠብ፣ ወይ የጦርነት ፍንጣሪ፣ ወይ «ጭንቅላቱ ተከፍቶ ነበር» የሚል ሹክሹክታ ይዞ ይዞራል። የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል፤ ጭንቅላቱ የተከፈተ ሰው አእምሮው ሙሉ ነው ብሎ የሚያምን ቀጣሪም አማችም ጥቂት ነው።

ሐኪሙ አንድ ሌላ ነገርም ብሏል፤ «ታካሚዎቼ አማርረው አያውቁም»። ይህ እውነት ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ከቀዶ ጥገና የተነሣን ሰው «ረክተሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንም እንዳለመጠየቅ ነው። ክርስቲያኑ «ተመስገን» ይላል፤ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው። መልሱ ግን ለፈጣሪ የተሰጠ እንጂ ለመጠይቁ የተሰጠ አይደለም። ሕይወቱን ያተረፈለትን ሐኪም ፊት ለፊት ስለ ግንባሩ ማማረር ደግሞ ለጨዋ ሰው ውለታ መብላት ነው። ሆስፒታሎቻችን የታካሚ እርካታን ከሥራ አፈጻጸም አመልካቾች አንዱ አድርገው ይለካሉ፤ ነገር ግን ተኝቶ የታከመው ሰው ሊወጣ ሲል ስለ ክፍሉ ንጽሕና፣ ስለ ነርሶቹ አቀራረብ፣ ስለ ሕመም ማስታገሻው በሚጠየቅበት ሰዓት ራሱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። መስታወት ገና አላየም። ጆሮ ግንዱ ገና አልጎደጎደም፤ እርሱ ወራት ይፈልጋል።

ስለዚህ ጥያቄው መለወጥ አለበት፤ ጊዜውም። ከስድስት ወር በኋላ እንዲህ ተብሎ ይጠየቅ፦ ከቤት ስትወጣ ራስህን ትሸፍናለህ ወይ? ከመታመምህ በፊትስ ትሸፍን ነበር? ፎቶ ስትነሣ የትኛውን ጎንህን ትሰጣለህ? ጥሬ ስትቆረጥም መንጋጋህን ያምምሃል? ግንባርህ ላይ ዝንብ ስታርፍ ይሰማሃል? ልጆች ምን ብለው ይጠሩሃል? ለእነዚህ «ተመስገን» ብሎ የሚመልስ የለም። ሴቶቹን መጠየቅ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሻሽ ያሰረች ወይም ሒጃብ የለበሰች ሴት ምን እንደሸፈነች ከውጭ አይታወቅም። ብዙ ወንድ ሐኪም «እርሷማ ትሸፍነዋለች» ብሎ የሚያልፈው ነገር ቤቷ ስትገባ፣ ሻሹ ሲወልቅ፣ ባሏ ፊት የሚገለጥ ነው።

የውጭዎቹን ጥናቶች እንደ ቅዱስ ቃል አልጠቅሳቸውም። አብዛኞቹ በአንድ ሆስፒታል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መዝገብ በማገላበጥና ለታካሚው ስልክ በመደወል የተሠሩ ናቸው። ታካሚው ከ0 እስከ 100 ባለ መስመር ላይ መልኩን እንዲመዝን ይጠየቃል። ትንሽ ቀዳዳ የተከፈተለት ሰው ብዙ ጊዜ ዕጢውም ትንሽ ነበር፤ ትልቁን አከፋፈት ያገኘው ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰበት ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው የበለጠ ረካ ቢባል ምኑ ይደንቃል? ቢሆንም ሐኪሙ መጠየቁ ብቻ አንድ ነገር ያስተምረዋል፤ በስፌቱ የሚኮራበት ጠባሳና ታካሚው የሚያፍርበት ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይደሉም።

ጆሮ ግንድን እንውሰድ። ቱርካዊው ማህሙት ጋዚ ያሳርጊል ዙሪክ ውስጥ በማይክሮስኮፕ እየሠራ ያስፋፋው፣ ፕቴሪዮናል የሚባለው መንገድ እስከ ዛሬ የአንጎል ቀዶ ጥገና ዋና በር ነው። ቆዳው ከጆሮ ፊት ተነሥቶ ከፀጉር መስመር ኋላ እየዞረ ወደ ግንባር መሐል ይቀደዳል። ጠባሳው ፀጉር ውስጥ ስለሚገባ ሐኪሙ በመልክ በኩል ጉዳዩን የጨረሰ ይመስለዋል። ነገር ግን አጥንቱ ጋር ለመድረስ የማኘኪያው ጡንቻ ከቦታው ተነቅሎ ይገለበጣል። ያ ጡንቻ በጥንቃቄ ካልተያዘና ወደ ቦታው በደንብ ካልተሰፋ በወራት ውስጥ ይከሳል፤ ጆሮ ግንዱ ይጎደጉዳል፤ ፊቱ በአንድ ወገን የራበው ሰው ፊት ይመስላል። እዚያው አካባቢ በስቡ ውስጥ የሚያልፍ፣ ቅንድብ የሚያነሣ ቀጭን የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ አለ። እርሱ ከተጎዳ ሰውየው ሲገረም ግማሽ ፊቱ ብቻ ይገረማል። ያሳርጊል ራሱ ይህን ነርቭ ለማዳን ቆዳውንና ሽፋኑን በንብርብር እየለዩ የመግቢያ ዘዴ አስተምሯል። ያ ዘዴ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከዚያ ቅንድቡ መጣ። በሃንጋሪ የተወለደውና ጀርመን ማይንዝ ውስጥ የሠራው አክሰል ፐርኔትስኪ «የቁልፍ ቀዳዳ» የሚባለውን አስተሳሰብ አስፋፋ፤ ቅንድብ ላይ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ተቀዶ፣ ትንሽ መስኮት አጥንቱ ላይ ተከፍቶ ይገባል። የማኘኪያው ጡንቻ እምብዛም አይነካም፤ ጆሮ ግንዱም አይጎደጉድም፤ ፀጉር መላጨት የለም። ይህንን ያነበበ ወጣት ሐኪም ልቡ ይሸፍታል፤ አልፈርድበትም። ግን ቅንድብ ፊት ላይ ነው፤ ሻሽም ኮፊያም አይደርስበትም። ግንባርን የሚያስደነዝዝ የነርቭ ጉዳት አለ፤ ግንባር ውስጥ ያለው የሳይነስ ክፍት ቦታ ከተነካ ፈሳሽ መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊከተል ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ቆዳ ከነጭ ቆዳ ይልቅ ኬሎይድ ያበዛል፤ ጠባሳው እየወፈረ ከቁስሉ ወሰን ያልፋል። ጀርመን ውስጥ በነጭ ቆዳና በሳሳ ቅንድብ ላይ የተመዘነ እርካታ ደሴ ላይ እንዳለ አይገለበጥም። ሐኪሙ ቅንድብ ላይ ከመቅደዱ በፊት ታካሚው ክትባት የተወጋበትን ክንድ፣ የተበሳ ጆሮዋን፣ አሮጌ ቁስሉን ቢያይ ብዙ ይማራል።

በአፍንጫ መግባትስ? ከውጭ ምንም ጠባሳ የለውም። በ1907 እ.ኤ.አ. ኸርማን ሽሎፈር ኢንስብሩክ ውስጥ ከአንጎል ሥር ባለው፣ ፒቱታሪ በሚባለው እጢ ላይ የበቀለን ዕጢ በአፍንጫ በኩል ሲያወጣ አፍንጫውን ወደ ጎን ገልብጦ ነበር፤ ዛሬ ኢንዶስኮፕ በሚባል ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በቀዳዳው ይገባል። የመልክ መለኪያ ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ሆኖም አፍንጫው ለሳምንታት ቅርፊት ይሞላል፤ አንዳንዱ ሰው የማሽተት ችሎታው ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ቡና ከአቦል እስከ በረካ በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወሎዬ ላልሆነ ሰው ማስረዳት ያዳግታል። ቡና ቆልታ ጭሱን ለእንግዶቿ የምታዞር፣ ራሷ ግን ምንም የማይሸታት ሴት በጠባሳዋ ብትጠየቅ «ምንም የለብኝም» ትላለች፤ ውሸት አልተናገረችም፤ ጥያቄው ነው የሳታት።

ከጆሮ ኋላ በሚከፈተው ቀዶ ጥገና ጠባሳው ጭራሽ ወሬ አይደለም፤ ፀጉር ይሸፍነዋል። እዚያ የመስማትና ሚዛን የመጠበቅ ነርቭ ላይ የሚበቅል ዕጢ ሲወጣ የሚያስፈራው አጠገቡ ያለው የፊት ነርቭ ነው። እርሱ ከሞተ አፍ ይጣመማል፤ ዓይን አልከደን ይላል፤ ይደርቃል፤ ይቆስላል። ሐኪሞች ጉዳቱን ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃውስና ብራክማን በሚባለው ከ1 እስከ 6 ባለው ደረጃ ይመዝኑታል። ዕጢው በትልቅነቱ መጠን ነርቩን ማዳን ይከብዳል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጆሮው ከደነቆረ፣ ጠበሉም ሌላውም ከተሞከረ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ሐኪሙ ምርጫ አለው፦ ዕጢውን ጠራርጎ ማውጣትና ፊቱን ለአደጋ ማጋለጥ፣ ወይም ነርቩ ላይ የተጣበቀችውን ቁራጭ ትቶ በኤምአርአይ መከታተል። ሁለተኛው ፊትን ያድናል፤ ግን ለዓመታት የሚመላለስ ሰው፣ ገንዘብና መኪና ይፈልጋል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገና ያላገባች ወጣት ፊቷን ልትመርጥ ትችላለች፤ አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ ጊዜ ጨርሶ መገላገሉን ሊመርጥ ይችላል። የሁለቱንም ምርጫ አከብራለሁ። የማላከብረው ምርጫው መኖሩ ሳይነገራቸው ሲቀር ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዕጢ ነው። እኛ ዘንድ ራሱ የሚከፈት ሰው ግን በብዛት የተጎዳ ነው፦ ከሐረጎ ቁልቁለት የተገለበጠ መኪና፣ ሞተር ሳይክል፣ ባጃጅ፣ ዱላ። ከእነዚህ መካከል አንጎሉ ያበጠበት ሰው የራስ ቅሉ ሰፊ ክፍል ተነሥቶ ይቆያል። የአንጎል ጉዳት ሕክምና መመሪያዎች የሚነሣው አጥንት ከ12 በ15 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ይመክራሉ፤ የሚቀደደው መስመር በጥያቄ ምልክት ቅርጽ ከጆሮ ተነሥቶ ራስን ይዞራል። እዚህ ላይ «ጠባሳው ይነስ» የሚለኝ ሰው ካለ እኔም ከሐኪሙ ጋር ሆኜ ተረቱን እመዝበታለሁ። መቅደዱ ይስፋ! ጥያቄው የሚመጣው በኋላ ነው፤ አጥንቱ የት ገባ? ማን፣ መቼ ይመልሰዋል?

ከዚህ በላይ በመልክ የሚጎዳ አላውቅም። የራስ ግማሽ ጎድጎድ ብሎ፣ ቆዳው እየገባና እየወጣ ሲታይ ልጅ ይሸሻል፤ ሰው ዓይኑን ይሰብራል። በዚያ ላይ የመልክ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አጥንት ሳይመለስ የቆየባቸው አንዳንድ ሰዎች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የአካል መዛል ይይዛቸዋል፤ አጥንቱ ሲመለስ የሚሻላቸው አሉ። አጥንቱ በጥልቅ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ መብራት ሄደት መለስ በሚልበት ከተማ ግን የታካሚውን ሆድ ቆዳ ከፍቶ እዚያው ማስቀመጡ የቆየ ዘዴ ነው፤ ጄኔሬተር አይፈልግም። አጥንቱ ከተበላሸ በቲታኒየም ወይም የጥርስ ሐኪሞችም በሚያውቁት በአክሪሊክ ዓይነት መተካት ይቻላል። አክሪሊኩ ከቲታኒየም በጣም ይረክሳል። ጭንቅላታቸው ውስጥ የተጠራቀመ ደም በትንንሽ ቀዳዳ ለሚቀዳላቸው አዛውንቶችም ቢሆን ግንባር ላይ የምትቀረውን ጉድጓድ ሐኪሙ ሲሰረስር የወጣውን የራሳቸውን የአጥንት ዱቄት መልሶ ሊሞላት ይችላል።

አሁን ወደ ፀጉር፤ ብዙ ሰው የሚስቅበት ክፍል። ከቀዶ ጥገና በፊት ራስን በምላጭ መላጨት እንደ ንጽሕና ሲቆጠር ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን ፀጉር ከቶ እንዳይነሣ፣ ግድ ከሆነም በቶንዶስ ብቻ እንዲቆረጥ፣ ምላጭ ጨርሶ እንዳይነካው አጥብቆ ይመክራል፤ ምላጭ ቆዳውን በጥቃቅኑ ስለሚቧጭረው ለጀርም በር ይከፍታል እንጂ ከኢንፌክሽን አያድንም። ፀጉሩን አጥቦ፣ በሚቀደደው መስመር ግራና ቀኝ ከፍሎ መሥራት ይቻላል። ሽሩባ በሚሠራበት አገር ፀጉር መክፈል የሚያውቅ እጅ ይጠፋል አልልም።

ይህ ለምን አስጨነቀኝ? የተላጨች ሴት ራስ በእኛ ዘንድ የኀዘን ራስ ነው። የቆየው ልማድ ሟች ያላት ሴት ፀጉሯን እንድትላጭ ያደርጋል። ከሆስፒታል ድና የወጣችን ሴት የሩቅ ዘመድ አይቶ «ማን ሞተባት?» ቢል አይፈረድበትም። ወንዱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ፀጉሩ ከፊት እየሸሸ ላለ የአርባ ዓመት ሰው «ከፀጉር መስመር ኋላ» የተባለው ጠባሳ ከአሥር ዓመት በኋላ መሐል ሜዳ ላይ ብቻውን ይቀራል። ሐኪሙ ስለ አባቱ ራስ ይጠይቀው።

«ኢንዶስኮፕ የለን፣ ማይክሮስኮፑ አንድ፣ ምን አድርጉ ትለናለህ?» የሚለው መልስ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴ ሆስፒታል እስከ አልጋው ድረስ ተዘርፎ፣ ከዜሮ ጀምሮ እንደገና የቆመ ነው። ከላይ ያነሣኋቸውን ግን ልብ በሉ፦ ምላጭ መተው፣ ጡንቻውን ወደ ቦታው መስፋት፣ የአጥንት ዱቄት መመለስ። አንዱም ግዥ አይጠይቅም። ከወግዲ ወይም ከወሎው ቦረና የመጣ ሰው ክር ለማስወጣት ከሳምንት በኋላ ተመልሶ እንደማይመጣ እያወቁ በሚሟሟ ክር መስፋትም እንዲሁ ነው ማለት ይቻላል፤ የረሳነው ክር ነው ጠባሳውን እንደ መሰላል የሚያደርገው።

ሌላው ንግግር ነው። ከቀዶ ጥገና በፊት የሚፈርመው ብዙ ጊዜ ባል ወይም ወንድም ነው፤ ታካሚዋ አጠገቡ ቁጭ ብላ እያየች። ሐኪሙ «አብሽሩ፣ ትድናለች» ይላል፤ ወሎ ነውና ቃሉ ያጽናናል። ከማጽናናቱ ቀጥሎ ግን ለእርሷ ለራሷ በጣቱ ራሷ ላይ እያሳየ «እትዬ፣ ከዚህ እስከዚህ እቀዳለሁ፤ ይሄኛው ፀጉር ይቆረጣል፤ ይህ ግንባርዎ ለጥቂት ወራት ሊደነዝዝ ይችላል፤ ይህ ቦታ ሊጎደጉድ ይችላል» ቢላት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ጉድለቱን የሕመሙ ዋጋ አድርጎ ይቀበለዋል። ያልተነገረው ሐኪሙ ያጠፋ ይመስለዋል፤ «ተመስገን» እያለ በልቡ ይይዛል። የጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ እፈልጋለሁ እያለ በየግድግዳው ሲለጥፍ ይህን ካልሆነ ምን ማለቱ እንደነበር እንጃ።

የቀረው ገንዘቡ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከእነርሱ አንዱ እዚሁ አጠገባችን ያለው ተሁለደሬ ነበር። የሐይቅ አካባቢ ገበሬ መዋጮ መክፈልን ከብዙው ቀድሞ ለምዷል። እንዲህ ያሉ የመድን ሥርዓቶች ለውበት የሚደረግ ሕክምናን አለመሸፈናቸው የተለመደ ነው፤ በዚህም አልጣላም። የተነሣ የራስ ቅልን መመለስ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ ከውበት ተራ እንዳይጻፍ፣ የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ሁለተኛ አጋማሽ ሆኖ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ እንዲታዘዝና ቀጠሮውም ታካሚው ከዋርድ ሳይወጣ ካርዱ ላይ እንዲሰፍር የክልሉ ጤና ቢሮና የመድን አገልግሎቱ ቁርጥ ያለ መልስ ይስጡበት።